ይውጣ የተባሉት ሦስት አንቀጾች

ሦስት አንቀጽ እንግሊዝኛ የሃያ ሁለት ዓመት ሱቅ፣ ሁለት ፎቶ ኮፒ ማሽንና አንድ ሸጋ ስም አስከፈለኝ። አንቀጾቹ ስለ እኔ የተጻፉ ነበሩ እንጂ የእኔ አልነበሩም። ይህችን ልዩነት ለማወቅ ነው ያን ሁሉ የከፈልኩት።

ዛሬ የሳንጃ ሰሊጥ እነግዳለሁ። ሰሊጥ ጥሩ ዕቃ ነው። ገዝተህ ስትሸጠው ማንም «ይሄን ማን ጻፈልህ?» ብሎ አይጠይቅህም።

ኑሩ እባላለሁ። ተወልጄ ያደግሁት ጎንደር፣ አዲስ ዓለም ነው። ቤተሰቦቼ ከቅድመ አያቶቼ ጀምሮ ነጋዴዎች ናቸው። ከስምንተኛ ክፍል አላለፍኩም። እንግሊዝኛ የተማርኩት ከቤተ መንግሥቱ በር ላይ ቆሜ፣ ለቱሪስት ፖስት ካርድና የቆዳ ቦርሳ እየሸጥኩ ነው። አብሮኝ የሚሸጥ በሪሁን የሚባል እኩያዬ ነበር። እሱ የሰማውን አይረሳም፤ እኔ ደግሞ ሰውዬው አፉን ሳይከፍት ምን ሊል እንደሆነ አውቃለሁ። በሪሁን መጀመሪያ ሲመጣ ፈረንጅ ሲያይ ከግንቡ ጥግ የሚደበቅ ልጅ ነበር። ዋጋ መጥራት ያስተማርኩት፣ «ሌላ ቀለምም አለኝ» ማለት ያስተማርኩት እኔ ነኝ። ይህን ለማንም ሲናገር ግን ሰምቼው አላውቅም።

ከዚያ በሪሁን የማታ ትምህርት ገባ። መምህር ሆነ። ዲግሪ ያዘ፣ ሁለተኛውን ጨመረ፣ በመጨረሻ ዶክተር ሆኖ በዩኒቨርሲቲው ግቢ የእንግሊዝኛ ክፍል ውስጥ ወንበር አገኘ። እኔ ደግሞ አያ ተገኘ ዘንድ ገባሁ።

አያ ተገኘ ከፍርድ ቤቱ ፊት ለፊት፣ ከአንዲት የቆርቆሮ ጥላ ሥር ተቀምጠው ማመልከቻ የሚመቱ ሽማግሌ ነበሩ። ጣሊያን ሠራሽ የጽሕፈት መኪና ነበረቻቸው። ወረቀት ከመንካታቸው በፊት እጃቸውን ይታጠባሉ፤ ውኃ በጠፋ ቀን እንኳ ለዚህች የሚሆን ውኃ አያጡም። ከጎናቸው ባለ ሦስት እግር በርጩማ አለች። ባለጉዳዩ እሷ ላይ ካልተቀመጠ አንዲት ፊደል አይመቱም። ሲጨርሱ የመቱትን ከላይ እስከ ታች ድምፃቸውን ከፍ አድርገው ያነቡለታል። ከዚያ «ያልከው ይኸ ነው?» ይሉታል። «አዎ» ካላለ ወረቀቷ አትወጣም።

አንድ ቀን ጎረቤቱ ላሙን የገደለበት ገበሬ መጣ።

«አያ ተገኘ፣ ትንሽ ጨመር ያድርጉበት እንጂ። ላሜን ገደለብኝ ብቻ ብለን እንቀራለን?»

«ምን ልጨምር?»

«እኔንም መታኝ ይበሉልኝ።»

«መታህ እንዴ?»

«አልመታኝም። ግን አስቦ ነበር።»

«እንግዲያው ሲመታህ ና።»

ስድስት ዓመት አብሬያቸው ሠራሁ። ፊደል ሳያዩ መምታትን ተማርኩ፤ ኅዳግ መጠበቅን፣ ሰንጠረዥ ማስመርን ተማርኩ። በርጩማዋን ግን የተማርኳት መስሎኝ ነበር።

እሳቸው ሲደክሙ ኮምፒውተር ገዛሁና ከግቢው በር ላይ ሱቅ ከፈትኩ። በገጽ ስንት አስከፍል እንደነበር አልነግራችሁም፤ ዛሬ ብታስሉት ታዝኑልኛላችሁ። ደንበኞቼ በአብዛኛው ለሁለተኛ ዲግሪ የሚማሩ የእንግሊዝኛ መምህራን ነበሩ። በእጅ የጻፉትን አምጥተው በርጩማዬ ላይ ይቀመጣሉ፤ እኔ እተይባለሁ፣ አትማለሁ፣ በክር ሰፍቼ ጥቁር ልባስ አለብሳለሁ፣ ርእሱን በወርቅ ቀለም አሳርፍበታለሁ። የወርቁ ቀለም የሚታተምበት ብረት ከልክ በላይ ሲግል ይዝረከረካል፣ ሲቀዘቅዝ ይላጣል። ብረቱን ወደ ጉንጬ አስጠግቼ ልኩን የማውቅ እኔ ብቻ ነበርኩ። ይህን ያልኩት ለጉራ ነው።

በሃያ ሁለት ዓመት ውስጥ ስለ እንግሊዝኛ ትምህርት የተጠናውን ሁሉ አንብቤአለሁ። ከፈታኞቹ በላይ ሳላነብ አልቀርም፤ እነሱ ገጽ ሲዘሉ አይቻለሁ፣ እኔ መዝለል አልችልም። የጥናት ርእስም እንደ ቀሚስ ፋሽን አለው። ስጀምር ሁሉም ስለ ሰዋስው ነበር። ቀጥሎ ስለ ተግባቦት ሆነ። ቀጥሎ የቡድን ሥራ መጣ። ቀጥሎ በልብ ወለድ ውስጥ ስላሉ ሴት ገጸ ባሕርያት፤ ከዚያ ተማሪው ለምን መናገር እንደሚፈራ፤ ከዚያ ስልክ ለትምህርት ይጠቅም እንደሆነ። ትምህርት ቤቱና ሰንጠረዡ ይቀየራል። ግኝቱ ያው ነው፤ ተማሪው አይናገርም።

እነሱ ይመረቃሉ፣ ከግንቡ ፊት ፎቶ ይነሳሉ። እኔ ቀጣዩን እቀበላለሁ። ታዲያ አንድ ክፉ ልማድ ነበረኝ፤ ከጥናቱ ሁሉ መጀመሪያ የማነበው የምስጋናውን ገጽ ነው። ከላይ ፈጣሪ አለ። ቀጥሎ «አማካሪዬ ዶክተር በሪሁን፣ ያለ እርሳቸው ምክር...» ይላል። ከዚያ ባል ወይም ሚስት፣ ከዚያ ወላጆች፣ ከዚያ የትምህርት ቤቱ ዘበኛ። የተየበው ሰው የሚነሳ ከሆነ ከመጨረሻው መስመር ላይ ነው። ራሴው ስሜን እየተየብኩ ከዘበኛው በታች አስቀምጠዋለሁ።

በሪሁን በሱቄ ፊት ሲያልፍ በርጩማ ላይ ያለው ተማሪ ተነሥቶ ይቆማል። ኮቱ ግራጫ ነው፣ ቦርሳው ቡናማ ነው። እንዲህ ዓይነቱን ቦርሳ እኔ ለቱሪስት ስሸጥ የኖርኩ ሰው ነኝ።

«ኑሩ፣ ሥራ እንዴት ነው?» ይለኛል።

«አንተ እየሰረዝክ ምን እጎዳለሁ?» እለዋለሁ። እውነት ነው፤ በቀይ እስክሪብቶ በሰረዘ ቁጥር ተማሪው ለእርማት ይመለስልኛል። በእሱ እጅ እበላ ነበር። ይህም ያንገበግበኛል።

በመጨረሻዎቹ ዓመታት ትዕግሥት የምትባል መምህርት መጣች። አምባ ጊዮርጊስ ሁለተኛ ደረጃ እንግሊዝኛ ታስተምራለች። ስድስት ዓመት የሞላት ልጇ ግን ጎንደር፣ ቁስቋም፣ ከአያቷ ጋር ነው የምትኖረው። ጎንደር ውስጥ አንድ የእንግሊዝኛ መምህር ቦታ ተከፍቶ ነበር፤ ሁለተኛ ዲግሪ ይጠይቃል። ክረምቱ ሳይገባ ጥናቷን ተከላክላ ካላለፈች ቦታው ለሌላ ይሰጣል። ይህን ያወቅሁት በሁለተኛው ቀን ነው፤ በርጩማ ላይ የተቀመጠ ሰው ሁሉን ይናገራል።

የጥናቷ ርእስ አዲሱ ፋሽን ነበር፤ የእንግሊዝኛ መምህራን በክፍል ውስጥ አማርኛ መቼና ለምን እንደሚጠቀሙ። ድሮ ይህ እንደ ነውር ነበር የሚታየው። አሁን ተመራማሪዎቹ የአፍ መፍቻ ቋንቋ ጠላት አይደለም ማለት ጀምረዋል። ትዕግሥት የአራት መምህራንን ክፍለ ጊዜ በስልኳ ቀድታ አመጣች። ቅጂውን እያቆምን እያስኬድን ወደ ጽሑፍ እንገለብጠዋለን። አንዱ መምህር በእንግሊዝኛ ስለ ዋጋ ክርክር ሲያስረዳ ክፍሉ ዝም ይላል። «የቅዳሜ ገበያን አስቡት፤ ዶሮ ልትገዙ ነው» ሲላቸው ይስቃሉ። ከዚያ በኋላ አንዷ ተማሪ በእንግሊዝኛ ትናገራለች።

«እኛም እንዲህ ነው የተማርነው» አልኳት።

«እነማን?»

«እኔና...» ስሙን ዋጥኩት። «እኔ። መጀመሪያ በአማርኛ በሆዴ እከራከራለሁ፤ አሸንፌ ስጨርስ በእንግሊዝኛ አወጣዋለሁ።»

«ይድገሙልኝ እስቲ፣ ጋሼ።»

ደብተር አወጣች። ስለ እንግሊዝኛዬ ጠይቆ ቃሌን የጻፈ ሰው በሕይወቴ የመጀመሪያዬ ነበር። ያን ቀን ሌላ ደንበኛ መልሻለሁ። በሳምንቱ በአራተኛው ምዕራፍ ውስጥ ሦስት አንቀጽ ይዛ መጣች፤ «አንድ የጎንደር ነጋዴ እንዳጫወተኝ» ብለው ይጀምራሉ። ስተይባቸው ጣቶቼ ከወትሮው ረጋ ብለው ነበር።

ረቂቁ ከአማካሪዋ ከበሪሁን ሲመለስ በሦስቱ አንቀጾች ላይ ከጥግ እስከ ጥግ ቀይ መስመር ተጋድሞባቸዋል። ዳር ላይ አንድ ቃል አለ፤ «ይውጣ።»

እንግዲህ አስቡት። ዋጋ መጥራት ያስተማርኩት ልጅ በቀይ እስክሪብቶ ሰረዘኝ። የቤተ መንግሥቱ በር ላይ ያሳለፍነው ዘመን ግቢው ውስጥ እንዳይሰማ ፈልጎ ነው አልኩ። ሌላ ምክንያት ሊኖረው እንደሚችል ለአንዲት ደቂቃ እንኳ አላሰብኩም።

ትዕግሥት ረቂቁን የሰጠችኝ ወደ አምባ ጊዮርጊስ አውቶቡስ ልትሳፈር ስትሮጥ ነው። «ጋሼ፣ ቀይ ያለበትን ሁሉ እሳቸው እንዳሉት ያድርጉልኝ። ቅዳሜ መጥቼ አብሬዎት እቀመጣለሁ። የምነግርዎትም ነገር አለ።»

ቅዳሜ አልመጣችም። መንገዱ ተዘግቶ ነበር፤ ኔትወርክም አልነበረም። ሰኞ ጥራዙ ገቢ መሆን አለበት። አያ ተገኘ ቢሆኑ በርጩማዋ ባዶ መሆኗን አይተው እጃቸውን ያነሱ ነበር። እኔ ሌላውን እርማት ሁሉ ልቅም አድርጌ አስገባሁ። ሦስቱ አንቀጾች ጋ ስደርስ ማጥፋት አንዲት ቁልፍ መንካት ነበር። አልነካኋትም። እንዲያውም አንድ ዐረፍተ ነገር ከራሴ ጨመርኩ፤ ዛሬ በከፍተኛ ትምህርት ተቋም የሚያስተምሩ አንዳንዶች የመጀመሪያ መምህራቸው እንዲህ ያለ ያልተማረ ሰው እንደነበር ማስታወስ ይገባል የምትል። ሸጋ እንግሊዝኛ ነበረች። አራት ቅጂ ጠርዤ፣ ወርቁን አሳርፌ፣ ራሴ ወስጄ አስረከብኩ።

ትዕግሥት መንገዱ የተከፈተላት ጥናቷን በምትከላከልበት ቀን ዋዜማ ነው። የራሷን ቅጂ የያዘችው አዳራሹ በር ላይ ነበር።

እኔም ሱቄን ዘግቼ፣ የኢድ ኮቴን ለብሼ፣ ከኋላው መደዳ ተቀመጥኩ። የጥናት መከላከያው ለማንም ክፍት ነው። የሄድኩት ስለ እኔ ሲነበብ የበሪሁንን ፊት ለማየት ነው። ፈታኙ ከሌላ ከተማ የመጡ አዛውንት ነበሩ። ሲገልጡ ሲገልጡ አራተኛው ምዕራፍ ላይ ቆሙ።

«ከጥናትሽ ውስጥ ሕይወት ያለው ይህ ነው» አሏት።

ደረቴ ኮቴን ሞላው። በሪሁንን አየሁት፤ የራሱን ቅጂ ገልጦ እያነበበ ነው፣ ግንባሩን ቋጥሯል። በዚያች ቅጽበት ደስ ያለኝን ያህል በሠርጌም ቀን ደስ አላለኝም።

«ግን ይህ ነጋዴ ከተሳታፊዎችሽ መካከል የለም» ቀጠሉ ሰውዬው። «መቼ ነው ያነጋገርሽው? የድምፅ ቅጂው የት አለ? ፈቃዱን የሰጠበት ወረቀትስ?»

ትዕግሥት ገጹን ገለጠች። መልሳ ገለጠች። «ይህ... ይህ ወጥቶ ነበር።»

«ማን አወጣው?»

«አማካሪዬ ይውጣ ብለውኝ፣ እኔ።»

«ታዲያ ማን መለሰው?»

ወደ በሪሁን ዞረች።

«ይህቺን የመጨረሻ ዐረፍተ ነገርስ አብራሪልኝ። እነማን ናቸው አንዳንዶች?»

«ይህቺን አላውቃትም።»

«መምህርት» አሉ አዛውንቱ ዝግ ብለው፣ «ይህን ጥናት የጻፍሽው አንቺ ነሽ?»

ከግቢ ውጭ በገንዘብ ጥናት ጽፈው የሚሸጡ ቤቶች እንዳሉ ሁሉም ያውቃል። እኔም ስንቱን ገፍቼ መልሻለሁ። የጠየቋት እሱን ነው። ትዕግሥት ዞር ብላ ወደ ኋላ መደዳ አየች። እኔ የጫማዬን ማሰሪያ ላስር ጎንበስ አልኩ። ጫማዬ ማሰሪያ አልነበረውም።

ውጤቷ ታገደ። በዐሥር ቀን ውስጥ ጥናቱ የራሷ መሆኑን ካላስረዳች ይሰረዛል ተባለ።

ከሰዓት በኋላ ሱቄ መጣች። በርጩማው ላይ አልተቀመጠችም።

«ምነው ጋሼ?»

«ረስቼው ነው። ሥራ በዝቶብኝ...»

ጥራዙን ጠረጴዛዬ ላይ ገለጠችና ጣቷን አሳረፈች። «የረሳ ሰው አይጨምርም።»

ጥራዙን ዘጋሁት።

«ልጄ ምን አለችኝ መሰለዎት? ‹እማ፣ ዛሬ ጨረስሽ?› አለችኝ። ገና ነው አልኳት። ካሁን በኋላ ስንት ጊዜ ገና ነው ልበላት?»

ሦስት ቀን ሱቄ ውስጥ ተቀምጬ አሰብኩ። እኔ ነኝ ካልኩ ሱቁ አለቀለት። ከእንግዲህ ማን ደፍሮ ረቂቁን ያምነኛል? ዝም ካልኩ ደግሞ እሷ አለቀላት። በንግድ ሕይወቴ ሂሳቡን እያወቅሁ ያን ያህል የዘገየሁበት ጊዜ የለም። በአራተኛው ቀን የበሪሁንን ቢሮ አንኳኳሁ። ግቢው በር ላይ ያን ያህል ዓመት ስኖር እዚያ ቢሮ ስገባ የመጀመሪያዬ ነበር። ግድግዳው ሙሉ የሰፋኋቸው ጥራዞች ናቸው።

«ተቀመጥ» አለኝ።

«እኔ ነኝ።»

«አውቃለሁ። ያቺን ዐረፍተ ነገር ሳነብ ድምፅህን ሰማሁት። የዘገየሁት አንተው መጥተህ እንድትናገር ብዬ ነው እንጂ እኔ በሄድኩብህ ነበር።»

«ለምን ሰረዝከኝ ታዲያ? በሩ ላይ መቆማችን አሳፈረህ?»

«ኑሩ፣ የልጅቷ ጥናት በአራት መምህራን ላይ ነው። አንተ አምስተኛው መምህር ነህ? እዚያ ስትገባ ጥናቷን ታፈርሰዋለህ። ይውጣና ለብቻው ይሠራ ነው ያልኳት። በሥርዓት እንድታናግርህ፣ ቃልህን እንድትቀዳ፣ አስፈርማህ። አልነገረችህም?»

የምነግርዎት ነገር አለ ያለችኝ ይህን ነበር።

«ደግሞ ምኑ ያሳፍረኛል?» አለ። «በየዓመቱ ለአዲስ ተማሪዎች የመጀመሪያው ቀን እነግራቸዋለሁ። ኑሩ የሚባል ልጅ ነው ከግንቡ ጥግ ጎትቶ አውጥቶ ያስጀመረኝ እላቸዋለሁ። አንተ ክፍል ገብተህ አታውቅም እንጂ።»

ሌላ ሰው ቢሆን እዚህ ላይ ያለቅስ ይሆናል። እኔ የተሰማኝን ልንገራችሁ፤ ባሰብኝ። በዲግሪው ሲበልጠኝ ኖሮ በደግነትም በለጠኝ።

«ደብዳቤ ጻፍ» አለኝ። «በእጅህ፣ በአማርኛ።»

«በእንግሊዝኛም እችላለሁ።»

«አውቃለሁ። ማን ጻፈልህ እንዳይሉህ ነው።»

በፈታኞቹ ኮሚቴ ፊት ቀርቤ ደብዳቤዬን አነበብኩ። የመጀመሪያውን ረቂቅ፣ ቀይ መስመሩን፣ ኮምፒውተሩ ላይ ያለውን ፋይል አሳየሁ። አዛውንቱ ፈታኝ መነጽራቸውን አውልቀው «ለምን?» አሉኝ።

«ቀንቼ ነው።»

ቃለ ጉባኤ የምትይዘው ጸሐፊ ቀና ብላ «እንዴት አድርጌ ልጻፈው?» አለች።

«እንዳለ ጻፊው» አልኳት። ያልኩት እንደሆነ ለማወቅም መልሳ እንድታነብልኝ ለመንኳት። አነበበችልኝ። ያልኩት ነበር።

እገዳው ተነሣላት። ሦስቱን አንቀጽ አውጥታ፣ ሌላ ሱቅ አስጠርዛ፣ ዐሥሩ ቀን ሳይሞላ ቀረበች። በሁለተኛው ጊዜ አልሄድኩም፤ አንድ ጊዜ የኢድ ኮቴን ለብሼ ሱቄን መዝጋቴ በቅቶኝ ነበር። ወርቁ ትንሽ ተዝረክርኮ ነበር አሉ።

በማግሥቱ የእንግሊዝኛ ክፍሉ ማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ ወረቀት ተለጠፈ፤ ተማሪዎች በሩ አጠገብ ባለው የጽሕፈት ሱቅ እንዳይጠቀሙ ይመክራል። ስሜን አልጻፉትም። በሩ አጠገብ የነበረው ግን አንድ የጽሕፈት ሱቅ ብቻ ነው። መጀመሪያ የእንግሊዝኛዎቹ ቀሩ፣ ቀጥሎ የታሪክ ተማሪዎቹ፣ ቀጥሎ መታወቂያ ኮፒ የሚያስደርጉት። ማሽኖቹን በመጡበት ዋጋ እንኳ አልሸጥኳቸውም። አሁን ደግሞ ስልኩ ራሱ ጥናቱን ይጽፍላቸዋል ሲሉ እሰማለሁ። በእኔ ላይ የለጠፉትን ማስታወቂያ በስልኩ ላይ ማን እንደሚለጥፍበት እንጃ።

እንግዲህ ያለው ይህ ነው። ትዕግሥት አልፋለች። ቦታውንም አግኝታለች፤ ጠዋት ጠዋት ልጇን ይዛ ከቁስቋም ስትወርድ አያታለሁ። ሰላም ትለኛለች፣ አትቆምም። በሪሁን በትምህርት ቤት ሳይሆን በመንገድ እንግሊዝኛ ስለ ተማሩ የጎንደር ሰዎች አዲስ ጥናት ጀምሯል። ስድስት ሰዎች አነጋግሯል። እኔን አላነጋገረኝም፤ በተመራማሪ ጽሑፍ ውስጥ እጁን ያስገባ ሰው ቃሉ አይወሰድም አለኝ፣ ልክ ነው። ሱቁ ተዘግቷል። ቅናቱ አለ።